ሶፍትዌር ከመግዛቴ በፊት መውጫውን እፈትሻለሁ

አራት ሆነን ስንሰራ ሽያጭና ዕቃ ለመመዝገብ አንድ የኤክሴል ፋይል ይበቃን ነበር። ቁጥራችን 19 ሲደርስ ፋይሉም አብሮ ተራብቶ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻው» የሚባሉ ልጆች ወለደ። አንዱ ዕቃ ለሁለት ደንበኛ የተሸጠ ዕለት ሶፍትዌር መግዛት እንዳለብን ገባኝ።

የመጀመሪያውን የመረጥኩት በዓይኔ ነው። ሻጩ ዴሞውን (ለማሳያ የተዘጋጀውን ናሙና) ሲያሳየን ሁሉም ነገር ቁልጭ ያለ ነበር፤ በዴሞ ውስጥ ያሉ ደንበኞች ዕቃ አይመልሱም፣ ሂሳብም አያጓድሉም። ክፍያው በተጠቃሚ ብዛት ስለነበር ወጪ ለመቆጠብ ብዬ ሦስቱን የሽያጭ ሰራተኞች በአንድ የይለፍ ቃል አስገባኋቸው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ኢንቮይስ ተሰርዞ ተገኘ። ማን እንደሰረዘው ብናይ መዝገቡ «ሽያጭ 1» ይላል። ሽያጭ 1 ሦስት ሰው ነው፤ ሦስቱም «እኔ አይደለሁም» አሉ። እንልቀቅ ስንል ደግሞ መረጃችንን በፒዲኤፍ ብቻ እንደሚሰጡን ነገሩን። የሁለት ዓመት ሽያጭ በእጃችን እየለቀምን እንደ አዲስ ጻፍን።

በሁለተኛው ዙር ዴሞ አላይም አልኩ። ከራሳችን መዝገብ በጣም የተመሰቃቀለችውን ትዕዛዝ አወጣሁ፦ ደንበኛው 12 አዞ 10 ተረከበ፣ 3 መለሰ፣ ግማሹን ከፈለ፣ ቀሪው 5 በመቶ ቅናሽ ተደርጎለት በዱቤ ተያዘ። ሦስት ፕሮግራሞች በነጻ የመሞከሪያ ጊዜያቸው ከፍተን የንብረት ክፍል ሰራተኛችን ራሷ እንድታስገባት ሰጠኋት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አፌን ዘጋሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። አንዱ ፕሮግራም ከፊል ክፍያ ከተመዘገበ በኋላ ተመላሽ ዕቃ አልቀበልም አለ። የድጋፍ ሰራተኛውን ብንጠይቅ «ኢንቮይሱን ሰርዛችሁ አዲስ ክፈቱ» አለን። ከኛ ቤት «ሰርዙ» የሚለው ቃል ምን እንደሚያስታውስ ከየት ያውቃል!

በዚያው ቀን ያስገባነውን ሁሉ መልሰን በሲኤስቪ (ሌላ ፕሮግራምም ሊያነበው በሚችል ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) አወጣነው። ፋይሉን በኤክሴል ስንከፍተው የስልክ ቁጥሮቹ መነሻ ዜሮ የለም። ፕሮግራሙን ልንጥለው ስንል ጥፋቱ የአከፋፈታችን ሆኖ ተገኘ፤ ኤክሴል ዓምዱን እንደ ቁጥር ቆጥሮት ነው፣ እንደ ጽሑፍ ሲገባ ዜሮው ተመለሰ።

ዋጋውን ዛሬ ባለን ሰው ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ይኖረናል ባልኩት ሰው አባዛሁት። ርካሽ የመሰለኝ ውድ ሆኖ አረፈው። ውሉ ላይ «99.5 በመቶ አገልግሎት» የሚለውንም ወደ ሰዓት ቀየርኩት፦ በዓመት 44 ሰዓት ገደማ ቢቋረጥ ውላቸውን አላፈረሱም ማለት ነው። 99.9 ቢሆን ወደ 9 ሰዓት ይወርዳል።

ባለፈው ወር የሂሳብ ሰራተኛችን አዲስ ፕሮግራም አይታ መጣች፤ ዴሞው እንዴት እንደሚያምር ነገረችኝ። ያቺን ትዕዛዝ አትሜ ሰጠኋት።