አውራ ጣቴ ሳላዝዘው የተንቀሳቀሰበት ቀን

ሐኪሙ ስምንት ቁጥር የሚመስለውን ጥቅል ሽቦ ከግራ ጆሮዬ ከፍ ብሎ ራሴ ላይ አሳርፎ፣ ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ ዘና አድርጌ እንዳስቀምጥ ነገረኝ። ‹‹ጧ›› የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ምንም አልሆነም። ሽቦውን ጥቂት ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ የማሽኑንም ኃይል ትንሽ ጨምሮ ደገመው፤ አሁንም ምንም የለም። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሙከራ ላይ ግን የቀኝ አውራ ጣቴ እንደደነገጠ ሰው ብድግ ብሎ ተመልሶ ተኛ። እኔ አላዘዝኩትም፤ ሊንቀሳቀስ መሆኑንም አላወቅሁም። ሐኪሙ ‹‹አገኘነው›› ብሎ ወረቀቱ ላይ ቁጥር ጻፈ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከጣቴ ላይ ማንሳት አቅቶኝ ቆየሁ።

ይህ የሆነው ለአራት ዓመታት አልለቅ ያለኝን ድባቴ በማግኔት ለመታከም በሄድኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ወስጃለሁ። የመጀመሪያው አፌን ከማድረቅ በቀር ምንም አልፈየደኝም፤ ሁለተኛው ለጥቂት ወራት ደህና አድርጎኝ ነበር፤ ሦስተኛው እንቅልፌን ቢያስተካክልልኝም ስነቃ የምነቃበት ዓለም ግን ያው የበፊቱ ነበር። ሐኪሞች ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠንና ለበቂ ጊዜ ተወስደው ካልሠሩ ‹‹ሕክምና የሚቋቋም ድባቴ›› ይሉታል። ስያሜው መጀመሪያ ስሰማው ክስ መስሎኝ ነበር፤ የተቋቋምኩት እኔ የሆንኩ ያህል። ነገሩ ግን እኔ እንዳሰብኩት ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ ከአራት ሺህ በላይ ሕሙማን የተካተቱበት አንድ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያው መድኃኒት ሙሉ በሙሉ የሚያገግመው ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ሲሆን፣ ሁለት መድኃኒት ያልሠራለት ሰው በሦስተኛው የማገገም ዕድሉ ከመቶ ወደ 14 ገደማ ይወርዳል። አራተኛውን እንድሞክር ስጠየቅ ወደኋላ ያልኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ከፊቴ የነበሩት አማራጮች በዋናነት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ብዙ ሰው በፊልም ያየውና የሚፈራው የኤሌክትሪክ ሕክምና ነው፤ ዛሬ በማደንዘዣ የሚሰጥ ሲሆን፣ በጣም ለከፋ ድባቴ አሁንም ከሁሉ የበረታው ሕክምና እሱ ነው። ይሁን እንጂ ሆን ተብሎ በአንጎል ውስጥ አጭር መንቀጥቀጥ የሚያስነሳ በመሆኑ ማደንዘዣ ይጠይቃል፣ የቅርብ ጊዜ ትዝታንም ሊያደበዝዝ ይችላል። ሁለተኛው፣ በአጭሩ ቲኤምኤስ የሚባለው የማግኔት ሕክምና፣ ኃይሉ ከዚያ ቢያንስም ማደንዘዣ አይፈልግም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይታከማሉ፣ ሲያበቃ ተነሥተው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ሥራዬ ትዝታ የሚጠይቅ ስለሆነና ሕመሜም ከአልጋ የማያስነሣ ደረጃ ላይ ስላልነበረ ሐኪሜ ሁለተኛውን መከረኝ፤ እኔም ተስማማሁ። በወቅቱ ለሁሉም ነገር እስማማ እንደነበር ግን ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሕክምናው መሠረት አዲስ አይደለም። የማግኔት መስክ በፍጥነት ሲለዋወጥ በአቅራቢያው ባለ አስተላላፊ አካል ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት እንደሚያስነሳ ማይክል ፋራዴይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው። አንጎልም በኤሌክትሪክ የሚሠራ አካል ነው። በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንኑ ሐሳብ ተጠቅመው የራስ ቅል ሳይከፈት፣ ቆዳም ሳይነካ፣ የሰውን እጅ ከአንጎሉ በኩል አንቀሳቀሱ። ኤሌክትሪክን በቀጥታ በራስ ቅል ማሳለፍ አጥንቱ ስለሚከላከለው ያምማል፤ የማግኔት ኃይል ግን አጥንቱን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፋል። ጥቅል ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ኃይል ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ቴስላ ይደርሳል፤ ይህ ኤምአርአይ በሚባለው የምርመራ ማሽን ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ ነው። ልዩነቱ የሚቆየው ከሰከንድ ሺኛ ላነሰ ጊዜ መሆኑና የሚደርሰውም ከራስ ቅል ሥር ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ብቻ መሆኑ ነው።

ጥልቀቱ ይህን ያህል ብቻ ከሆነ ድባቴን እንዴት ያክማል የሚለውን ጥያቄ እኔም ጠይቄዋለሁ። የሚመታው ቦታ በግንባር በስተግራ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚገኘው የአንጎል የፊተኛ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል ከስሜት ጋር ግንኙነት ካላቸው ጥልቅ የአንጎል ክፍሎች ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ላዩን በየቀኑ የሚያንኳኳ ሰው ውስጡንም ይደርሰዋል ማለት ነው። በድባቴ የተያዙ ሰዎችን ይህን ቦታ በየቀኑ በማነቃቃት ማከም ይቻል እንደሆነ መጠናት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለድባቴ ሕክምና የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

አውራ ጣቴ ወደዚህ ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ሰው አንጎል ለመነቃቃት የሚፈልገው ኃይል ይለያያል፤ የድባቴውን ቦታ ሲነኩት ደግሞ ከውጭ የሚታይ ምንም ምልክት የለም። ስለዚህ መጀመሪያ እጅን የሚያዘውን ቦታ ፈልገው፣ ከአሥር ምት በአምስቱ ጣት የሚያንቀሳቅሰውን ትንሹን ኃይል ይመዘግባሉ፤ የሕክምናው ኃይልም ብዙ ጊዜ የዚያ 120 በመቶ ይሆናል። ከዚያ ጥብቅ ነጭ ቆብ አጥልቀውልኝ፣ ልብስ ሰፊ በሚጠቀምበት ዓይነት የጨርቅ ሜትር በዓይኖቼ መካከል ካለው የአፍንጫዬ መነሻ እስከ ማጅራቴ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ለክተው፣ ቆቡ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረጉ። የዚህን ሁሉ ረቂቅ ሳይንስ ቦታ የሚወስነው ሜትርና እስክሪብቶ መሆኑ ያን ቀን ሊያስቀኝ በተገባ ነበር።

ከዚያ በፊት የሞላሁት ቅጽ ስለ ብረት አብዝቶ ይጠይቃል፤ በራሴ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ፣ የደም ሥር መቆንጠጫ ወይም የብረት ስባሪ መኖር አለመኖሩን፣ ልቤ ላይ የተተከለ መሣሪያ እንዳለ፣ የሚጥል በሽታ ይዞኝ እንደሚያውቅ። አሳሳቢው ጉዳት ያልታሰበ መንቀጥቀጥ ሲሆን፣ የሚያጋጥመው ከሺህ ሰው ከአንድ ባነሰው ላይ ነው። እንቅልፍ ያጣሁ ወይም የምወስደውን መድኃኒት የቀየርኩ ቀን ሳልቀመጥ በፊት እንድናገር አስጠንቅቀውኛል። ለዚህ ማስጠንቀቂያ ቦታ የማይሰጥ ክሊኒክ ውስጥ ራሴን አልሰጥም።

አሁን ስለ ምቱ። ብዙ የመረጃ ጽሑፎች ‹‹ቀላል የመንካት ስሜት›› ይሉታል፤ የጻፉት ሰዎች ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ግንደ ቆርቁር ወፍ ግንባርዎ ላይ ሰፍሮ በሰከንድ አሥር ጊዜ፣ ለአራት ሰከንድ ሲቆረቁር ያስቡት፤ ከዚያ ለ26 ሰከንድ ያርፋል፣ ደግሞም ይጀምራል። ይህ 75 ጊዜ ሲደጋገም 37 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፣ ምቱም ሦስት ሺህ ይሆናል። ድምፁ ስለሚያደነቁር ጆሮ ይደፈናል። በየምቱ የግራ ቅንድቤ ይዘላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የላይኛው ጥርሴም አብሮ ይጠዘጥዘኝ ነበር፣ ባለሙያዋ ሽቦውን በጥቂቱ ስታዞረው ግን ተወኝ። ራስ ምታቱ ከአንድ ሳምንት በኋላ ለቀቀኝ። ዛሬ በብዙ ቦታ 600 ምቶችን በሦስት ደቂቃ ገደማ የሚጨርስ አጭር አሠራር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በካናዳ ከ400 በላይ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱ ከረጅሙ እንደማያንስ አሳይቷል። እኔ የታከምኩበት ቦታ ማሽን የሚሠራው በረጅሙ ነበር።

ሕክምናው በሳምንት አምስት ቀን ለስድስት ሳምንት ከተሰጠ በኋላ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ በስድስት ቀጠሮ ይዘጋል፤ በድምሩ 36 ቀጠሮ ነው። ይህን መርሐ ግብር ያወጣ ሰው ድባቴን በደንብ የሚያውቅ አይመስለኝም። ልብስ መቀየር እንደ ተራራ በሚከብድበት ወቅት በየማለዳው በተወሰነ ሰዓት ተገኝ ማለት፣ እግሩ የተሰበረን ሰው ሕክምናው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው እንደማለት ነው። ሁለት ቀን ቀርቻለሁ። በአንደኛው ቀን እንዲያውም ተነሥቼ፣ ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቀጠሮዬ እስኪያልፍ ተቀመጥኩ። ባለሙያዋ በማግሥቱ አልወቀሰችኝም፤ ቆቡን አጥልቃ ‹‹ዛሬ 12ኛው ነው›› ብቻ አለችኝ።

እስከ ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ምንም አልተሰማኝም፤ ይልቁንም ከበፊቱ የባሰኝ መሰለኝ፤ ምናልባት ተስፋ ማድረግ ጀምሬ ስለነበር ይሆናል። በመጠበቂያ ክፍሉ በየቀኑ ከእኔ በፊት የሚገቡ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ 36ቱንም ጨርሰው ያው እንደነበሩ ነው የሄዱት። ደህና ሁኚ ሲሉኝ ምን እንደምመልስላቸው አላውቅም ነበር።

ለውጡን መጀመሪያ ያየችው ታላቅ እህቴ ናት። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ማታ በስልክ ስለ አንድ ተራ ጉዳይ፣ የወንድማችን ልጅ የትኛውን ትምህርት ቢመርጥ እንደሚሻል፣ ስናወራ ድንገት ዝም አለች። የተቀየመችኝ መስሎኝ ‹‹ምን ሆንሽ?›› አልኳት።

‹‹ተከራከርሽኝ እኮ›› አለችኝ።

‹‹እና?››

‹‹ሁለት ዓመት ሙሉ ያልኩሽን ሁሉ ‹እሺ› ነበር የምትይኝ። እኔ ደግሞ ጠባይሽ የተሻሻለ መስሎኝ ነበር።››

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ደስታ አልተሰማኝም ነበር፤ እስካሁንም ‹‹መጋረጃው ተገፈፈ፣ ብርሃን ገባ›› የሚሉ ሰዎች የሚያወሩትን አላየሁም። የተመለሰልኝ ነገር አስተያየት ነው፤ አንዱ ትምህርት ከሌላው የተሻለ መስሎ ይታየኛል ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ወንበር ላይ ተከምሮ የከረመውን የታጠበ ልብስ አጣጥፌ ጨርሼ ስቀመጥ፣ መቼ እንደጀመርኩት ትዝ አላለኝም። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሸሚዝ ራሱን የቻለ ውሳኔ ነበር።

በቁጥር ሲታይ፣ የድባቴን ክብደት በሚለካው፣ ዘጠኝ ጥያቄ ባለውና ከ27 በሚታሰበው መጠይቅ ከ21 ጀምሬ በ9 ጨረስኩ። ነጥቡ ከግማሽ በታች ስለወረደ ሐኪሞቹ ሕክምናው ሠርቷል ይላሉ፤ ከ5 በታች ስላልሆነ ግን አገግመሻል አይሉኝም። በሰፊው ከተዘገበው ውጤት ጋር ሲነጻጸር የእኔ መካከለኛ ነው፤ በመደበኛ ሕክምና ከሚያልፉት ግማሽ ያህሉ ወይም ጥቂት የሚበልጡት በግልጽ ሲሻላቸው፣ ሙሉ በሙሉ የሚያገግሙት ሲሶ ገደማ ናቸው። በየቀኑ ከቤት መውጣቱና የሰው ፊት ማየቱ ብቻውን አሽሎሽ እንደሆነስ ብላ የጠየቀችኝ ጓደኛዬ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በጥናቶቹ ውስጥ ድምፁን እያሰማ ማግኔቱ ግን ወደ አንጎል በማይደርስ የማስመሰያ ሽቦ የታከሙ ሰዎችም የተወሰነ ይሻላቸዋል፤ በእውነተኛው የታከሙት ደግሞ ከእነሱ ይበልጣሉ። በእኔ ላይ የቱ ምን ያህሉን እንደሠራ ለያይቶ የሚነግረኝ የለም። ሦስተኛውን መድኃኒትም አላቋረጥኩም።

ይሁንና ከነጥቡ ይልቅ የምመለስበት ያ የመጀመሪያው ቀን ነው። ለአራት ዓመታት ‹‹በርቺ››፣ ‹‹አታስቢ››፣ ‹‹ራስሽን አጠንክሪ›› ስባል ኖሬአለሁ፤ የሚሉኝም ስለሚወዱኝ ነው። እኔም አምኜ ነበር፤ የሆነ ቦታ ላይ አንድ የፈቃድ ቁልፍ አለ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ይጫነዋል፣ እኔ ብቻ ሰንፌ ትቼዋለሁ ብዬ። አውራ ጣቴ ያለ ፈቃዴ ብድግ ሲል ግን፣ ፈቃዴ ራሱ የሚያድርበት ቤት ሽቦው እንዳለው፣ ሽቦውም ሊላላ እንደሚችል በዓይኔ አየሁ። ማሽኑ እንዳምንበት አልጠየቀኝም። በማላምንባቸው ቀናትም ሦስት ሺውን ምት ቆጥሮ ጨርሷል።

አሁን አምስት ወር ሆኖኛል። ባለፈው ወር መጠይቁን ስሞላ 12 ሆኖ ተገኘ። አንድ ጊዜ የሠራለት ሰው ድባቴው ሲያገረሽ ሕክምናው ቢደገምለት የመሥራት ዕድሉ ጥሩ ስለሆነ ሐኪሜ አጭር ድጋሚ ዙር እንድጀምር ሐሳብ አቅርቦልኛል። እህቴ ዛሬውኑ ቀጠሮ ያዢ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ መድኃኒቱ መጠኑ ከተጨመረ ገና ሦስት ሳምንቱ ስለሆነ የዚህን ወር ነጥብ አይተን እንወስን እላለሁ። ትናንት ማታም በዚሁ ጉዳይ አንድ ሰዓት ሙሉ ስንከራከር አምሽተን፣ ሳንስማማ ስልኩን ዘጋን።