ጭቃ የነካ እጅ

በመጪው ቅዳሜ ከወላጆች ጋር እንሰበሰባለን፤ ልጆቹ የሚጫወቱበት አሸዋና ጭቃ ዋና መነጋገሪያ እንደሚሆኑም ከወዲሁ አውቃለሁ። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ባለ የሕፃናት ማቆያ ነው። እናቶች ከሥራ ወጥተው ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በር ላይ አስቀድመው የሚያዩት የልጁን እጅጌና ጉልበት ነው፤ ከዚያ «ዛሬ ምን ተማረ?» ይላሉ። ጥያቄውን አልጠላውም፤ ለልጇ መልካም የምትመኝ እናት ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ፊደል እንዲቆጥር ስለሚጠበቅ፣ ከሰዓቱን ሁሉ ከውኃና ከአፈር ጋር ያሳለፈው ልጅ ምንም ያልተማረ ይመስላቸዋል። ቅዳሜ የምናገረውን ለራሴ ለማጥራት ይህን ማስታወሻ እጽፋለሁ።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ልጆቹ ወደ እኛ የሚመጡበት ዕድሜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ፈቃድ ታገኛለች። የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም እንዲሁ ይፈቅድ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸውም ያዝ ነበር። እንግዲህ ፈቃዱ ሲያልቅ አንገቱን በቅጡ ያልቻለ ሕፃን ታቅፎ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ነቅቶ የሚውልበትን አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው እኛ ዘንድ ነው። በነዚያ ሰዓታት እጁ ምን እንደነካ፣ ጆሮው የማንን ድምፅ እንደሰማ፣ አፍንጫው ምን እንዳሸተተ የሚወስነው የማቆያው ሠራተኛ ነው ማለት ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከዓይኑ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለውን ነው፤ ይኸውም ጡት ሲጠባ የእናቱ ፊት የሚገኝበት ርቀት ነው። የእናቱን ሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለያል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ብዙዎች ክፉ ልማድ ነው ብለው ከእጁ ይነጥቁታል እንጂ፣ በዚያ ዕድሜ ከንፈርና ምላስ ከጣት የተሻሉ መመርመሪያዎች ናቸው። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ከልደት እስከ ሁለት ዓመት ያለውን ጊዜ ልጅ በስሜት ሕዋሳቱና በእንቅስቃሴው የሚያስብበት ዘመን አድርጎ የወሰደው ይህንን አይቶ ነው። የሰው አንጎል በአምስት ዓመት ዕድሜ ወደ 90 በመቶ የሚሆነውን የአዋቂ መጠኑን ይይዛል፤ በውስጡ ያሉት የነርቭ ግንኙነቶችም አዘውትረው የሚሠሩት እየጠነከሩ፣ ሥራ ያጡት እየተመናመኑ ይሄዳሉ።

እናቶቻችን ይህን በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ በአንቀልባ ግን ሲፈጽሙት ኖረዋል። እናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ ልጅ ስትጎነበስ አብሮ ይጎነበሳል፣ ስትፈጭ አብሮ ይወዛወዛል፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ አንገቱንና ወገቡን ያሠራል፤ የላቧን ሽታና የወጡን ሽታ ያውቃል፤ ስትናገር ድምጿ በጀርባዋ በኩል ደረቱ ላይ ይደርሰዋል። ፍራሽ ላይ ተንጋሎ ጣሪያ ሲያይ የሚውል ልጅ ከዚህ ሁሉ ተለይቷል። ስለዚህ በማቆያ ውስጥ የስሜት ሕዋሳት ጨዋታን፣ ማለትም ልጅ እየነካ፣ እያሸተተና እየሰማ የሚጫወተውን፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቅንጦት አድርጎ ማየት አልችልም፤ ልጁ ከእናቱ ጀርባ ሲወርድ የቀረበትን ለመመለስ የሚደረግ ጥረት ነው።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልጻፍ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን አጠራቅመን ጠዋት ፀሐይ ላይ እናቆመዋለን፤ የአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ስለሆነ፣ እናቶችም ብርድ ይመታዋል ብለው ስለሚሰጉ፣ ለብ ሳይል ለልጆቹ አናቀርበውም። ረፋድ ላይ ሳፋው ውስጥ አንድ ጣት ያህል ጨመርንና ሲኒ፣ ጭልፋ፣ ትንሽ ቅልና ወንፊት አስቀመጥን። አንዲት ሚጣ በሲኒው ቀድታ ቅሉ ውስጥ ጨመረች፤ ከቅሉ ወደ ሲኒው ስትመልሰው ሲኒው ሞልቶ ፈሰሰ። ደነገጠች፤ ቀና ብላም አየችኝ። «ሞላና ፈሰሰ» አልኳት። ደገመችው፤ አሁን ግን እየፈሰሰ እያየች ነው። ከዚያ ወንፊቱን አንሥታ ቀዳችበት፤ ውኃው የለም። ገልብጣ ታቹን አየች፣ እጇን ከሥሩ አድርጋ እንደገና ቀዳች፣ ውኃው መዳፏ ላይ ሲንጠባጠብ ፀጥ ብላ ቆየች፤ በመጨረሻም «ፈሰስ!» አለች። ቃሉን ከእኔ አፍ ወስዳ ሌላ ነገር ላይ አዋለችው። መሙላትን፣ መጉደልን፣ መያዝንና አለመያዝን በእጇ አውቃለች፤ ስሙንም አግኝታለታለች። ማምሻውን እናቷ «ዛሬ ምን ተማረች?» ስትለኝ ይህን ነገርኳት፤ ፈገግ ብላ «እትዬ፣ እሱማ ጨዋታ ነው» አለችኝ። ቅዳሜ በሰፊው ልመልስላት የምፈልገው እሷን ነው።

በዚያ ሳፋ ዙሪያ ዋናው ነገር ሳፋው አይደለም። ልጅቷ ቀና ስትል የሚያያትና የሆነውን በስሙ የሚጠራላት ሰው ባይኖር ውኃው ውኃ ሆኖ ይቀር ነበር። በሮማኒያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ የነበሩ ልጆችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ የተከታተለው የቡካሬስት ጥናት ይህን በሚያሳዝን መንገድ አሳይቷል። ልጆቹ መጠለያና ምግብ ነበራቸው፤ የጎደላቸው ሲያለቅሱ የሚመልስላቸው፣ የእኔ የሚሉት አንድ ሰው ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የተወሰዱት ከዘገዩት በተሻለ ሁኔታ አገግመዋል። ይህን ሳስብ፣ ውድ መጫወቻ ገዝተው ለብዙ ሕፃናት አንዲት ሞግዚት የሚመድቡ ማቆያዎች ያሳዝኑኛል። ገንዘቡ ለአንዲት ተጨማሪ ሴት ደመወዝ ቢውል ልጆቹ እጅግ ይጠቀማሉ።

ጭቃውን የምናመጣው ሸክላ ሠሪዎች ከሚኖሩበት ከቀጨኔ ነው። የተነፋና የታሸ ስለሆነ ጠጠር የለውም፤ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ብናስቀምጠው ሳይደርቅ ይቆየናል። ጭቃ መጠፍጠፍ ጣትን እንደሚያጠነክር፣ እርሳስ መያዝም ከዚያ እንደሚጀምር ለእናቶች ስነግራቸው ይስማማሉ፤ ልጃቸውን እስከ ክርኑ ጭቃ ነክቶት ሲያገኙት ግን ፊታቸው ይለወጣል። ንጽሕና መውደድ ብቻ አይመስለኝም። ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን ለዘመናት የናቀ ኅብረተሰብ ነን፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። «የእኔ ልጅ ጭቃ ሊያቦካ ነው ወይ?» በሚለው ቃል ውስጥ ያ አሮጌ ንቀት ዛሬም ይሰማኛል። በአንጻሩ ያ ጭቃ አቡኪ እጅ ምን ያህል የሠለጠነ እንደሆነ ለማወቅ አንዲት የቀጨኔ እናት ያለ መዘውር፣ በመዳፏ ብቻ፣ የጀበናን አንገት ስታወጣ ማየት ይበቃል።

በእህል መጫወትን ግን አልቀበልም። በኢንተርኔት የሚታዩት ምስሎች ሩዝና ምስር በቀለም ተነክሮ በሳፋ ሲቀርብ ያሳያሉ፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬም በጤፍ እንሞክር ብላ ነበር። ጤፍ ለጣት እጅግ ደስ የሚል እህል መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን እናቱ በወር ደመወዝ የምትሸምተውን እህል ልጅ መሬት ላይ እንዲበትን ማለማመድ አልሆነልኝም፤ እህል በእኛ ዘንድ ክብር አለው። ስለዚህ ሦስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች እጃቸውን አስታጥበን የዳቦ ሊጥ እንዲያሹ እናደርጋለን፤ ይስባሉ፣ ይደፈጥጣሉ፣ ሲኮፍ ያያሉ፣ ሽታውን ይጠብቃሉ፣ በመጨረሻም ይበሉታል። ለማሽተት ደግሞ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ኮረሪማ በየተራ እናቀርባለን። በርበሬ አጠገባቸው አይደርስም። ግቢው አጥር ላይ የበቀለውን ጉሎም ፍሬው መርዛም ስለሆነ አስነቅለነዋል።

ጥንቃቄውን ወላጆች በግልጽ ሊጠይቁኝ ይገባል፤ መልሱም አለኝ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት አፋቸው ውስጥ የሚገባና የሚያንቅ ትንንሽ ነገር አንሰጥም፤ ባቄላና ሽምብራ ጉሮሮ ላይ ብቻ ሳይሆን አፍንጫ ውስጥም ገብተው እርጥበት ሲያገኙ ያብጣሉ። ልጅ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥም ሊሰምጥ ስለሚችል ሳፋው ያለ ሰው ለቅጽበት አይተውም። አሸዋው በወንፊት ተነፍቶ ታጥቧል፤ ድመት እንዳይጸዳዳበት ማታ ማታ በሸራ እንሸፍነዋለን፤ ከጨዋታ በኋላም ሁሉም በሳሙና ይታጠባሉ።

ሁሉም ልጅ ጭቃ ይወዳል ማለትም አይደለም። አንድ ማሙሽ አለን፤ እርጥብ ነገር ሲነካው ጣቶቹን ዘርግቶ ይንቀጠቀጣል። ድሮ ቢሆን ቅምጥል ነው ተብሎ እጁን ይዘን እንከተው ነበር ይሉኛል የቆዩት ሠራተኞች። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ከተናገሩ ወዲህ ግን የአንዳንድ ልጅ ቆዳ፣ ጆሮ ወይም ዓይን ከሌላው ይልቅ አብዝቶ እንደሚሰማው ብዙ ሰው ሰምቷል። ይህ ብቻውን የኦቲዝም ምልክት አይደለም፤ ስም ለመስጠትም አንቸኩልም። ለማሙሽ በትር ሰጠነው። በበትሩ ጭቃውን ወጋ፣ ጫረ፣ መስመር አሰመረ፤ በኋላ በጭልፋ አነሣው። እጁን ገና አላስገባም፤ እኛም አንጠይቀውም።

ፊደልን ለሚጠይቁኝም ከልቤ የምለው አለኝ። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 (እ.ኤ.አ.) ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሠፈር የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት፣ የሠራተኞች ልጆች ፊደልን ከመጻፋቸው በፊት በብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ በተለጠፈ ቅርጽ ላይ በጣታቸው እንዲከተሉት አድርጋለች። እኛም አራት ዓመት ለሚጠጋቸው በእርጥብ አሸዋ ላይ «ሀ»ን እንሥላለን፤ ልጁ ጣቱን በቦዩ ውስጥ ይነዳል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ግን ይህንንም አላደርግም፤ ጊዜው ገና ነው።

ቅዳሜ ከወላጆች የምጠይቀው እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የማይታዘንለት አሮጌ ልብስ በከረጢት ይምጣ፤ ከተቻለም እናት ወይም አባት ከምሳ ሰዓታቸው ግማሽ ሰዓት ቆርሰው አንድ ቀን ሳፋው አጠገብ ከልጃቸው ጋር ይቀመጡ። ከአስተዳደሩ የምፈልገው ደግሞ አሸዋው ያለበት የግቢ ጥግ ክረምት ሳይገባ በቆርቆሮ እንዲሸፈን ነው፤ ሰኔ ከገባ ልጆቹን እስከ መስከረም ከዚያ ጥግ የሚያርቃቸው ዝናቡ ነው።