ሰዓት ሲቀየር የሚበላሸው ኮድና የሚንሸራተተው ስብሰባ

ከቡድኑ ርቆ በሌላ አህጉር ለሚሠራ የድረ ገጽ ገንቢ ከቪዛ ቀጥሎ የሚያደክመው ነገር ሰዓት ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች የጻፉት ኮድ፣ ላፕቶፑም ሰርቨሩም አንድ የሰዓት ቀጠና ላይ ስለሆኑ፣ ምንም የጎደለው አይመስልም። ስህተቱ ብቅ የሚለው ባሕር ማዶ ያለው ባልደረባ ሲከፍተው ነው፤ ብዙ ጊዜም «አንተ ጋ ብቻ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እሱ ጋ ብቻ አይደለም። በዚያ ቀጠና ያለ ተጠቃሚ ሁሉ ያየዋል፤ አቤት የሚልበት መንገድ ያለው ግን ገንቢው ብቻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ቀኖቹም በፈረንጅ፣ በጋና ክረምትም እንደ አሜሪካና አውሮፓ ናቸው።)

ዋናው ምሳሌ የልደት ቀን ነው። ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ 1990-05-14 ተብሎ ቀን ብቻ ሲሰጠው የዚያን ዕለት 00:00 በዩቲሲ (የየአገሩ ሰዓት በሚለካበት የጋራ መነሻ ሰዓት) አድርጎ ይወስደዋል። ሰዓት ከተጨመረበትና ቀጠና ካልተጠቀሰ ግን በማሽኑ የራሱ ሰዓት ይተረጉመዋል። ስለዚህ ያው የልደት ቀን ናይሮቢ ላይ 14 ሆኖ ሲታይ ቶሮንቶ ላይ 13 ይሆናል። ፎርሙ ያሳየውን መልሶ የሚመዘግብ ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ ሰውየው ስልክ ቁጥሩን ለማስተካከል ገብቶ «አስቀምጥ» በነካ ቁጥር የልደት ቀኑ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል። ማመልከቻው ላይ ያለው ቀን ከፓስፖርቱ ጋር አልገጥም ብሎ የተመለሰበት ስደተኛ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

የችግሩ ሥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ የዳታቤዝ ዓምድ መታጨቃቸው ነው። ክፍያ የተፈጸመበት ቅጽበት አንድ ነገር ነው፤ በዩቲሲ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ሰዓት ቢታይ ያበቃል። የልደት ቀን ግን ቅጽበት አይደለም፤ ሰዓትም ቀጠናም የለውም፤ ዳታቤዝ ውስጥ ቀን ብቻ በሚይዝ ዓምድ ይግባ፣ ኮድ ውስጥም በጽሑፍነቱ ይቆይ። ሦስተኛው ወደፊት የሚፈጸም ቀጠሮ ነው። ብዙ ልምድ ያለው ሰው ሳይቀር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ሁሉንም በዩቲሲ አስቀምጥ» የሚለው ምክር ለቀጠሮ አይሠራም።

ምክንያቱ የሰዓት ቀጠና የመንግሥት ውሳኔ መሆኑ ነው። ሜክሲኮ በ2022 አብዛኛው ግዛቷ ላይ የበጋ ሰዓት ቅየራን (በበጋ ሰዓትን ወደፊት መግፋትን) አስቀረች፤ ግብፅ በ2023 መልሳ ጀመረች። ሊባኖስ ደግሞ በማርች 2023 ሰዓት ሊቀየር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አራዘመችው፤ ገሚሱ ተቋም እምቢ ብሎ በቀድሞው ቀን ቀየረ፤ ውሳኔውም በቀናት ውስጥ ተሻረ። ለሚመጣው ዓመት 10:00 የተያዘ ቀጠሮ ዛሬ ወደ ዩቲሲ ተለውጦ ከተቀመጠና በመካከል ሕጉ ከተቀየረ፣ ሰውየው ቢሮው በር ላይ ሲደርስ ሲስተሙ 9:00 ወይም 11:00 ይላል። መቀመጥ ያለበት የአካባቢው ሰዓት ከቀጠናው መለያ ስም ጋር ነው፤ «አሜሪካ/ኒውዮርክ» ወይም «አፍሪካ/ናይሮቢ» እንደሚባለው። ከዩቲሲ ያለውን ልዩነት «+3» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ልዩነቱ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን ሕግ አይናገርም። ፖስትግረስ በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ «ከቀጠና ጋር» የሚባለው የሰዓት ዓይነትም ያታልላል፤ ቅጽበቱን ወደ ዩቲሲ ለውጦ ቀጠናውን ይጥለዋል። ስለዚህ የቀጠናው ስም የራሱ ዓምድ ይፈልጋል። ፋየርፎክስ የተባለው አሳሽ በ2025 ያስገባው፣ ቴምፖራል የተባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት የቀንና የሰዓት መሣሪያ እነዚህን ሦስቱን በተለያየ ዓይነት ይይዛቸዋል፤ እስካሁን ከመጡት ሁሉ ይሻላል።

በተወሰነ ሰዓት ራሳቸው የሚነሡ ሥራዎች ነገር አጭር ነው። አሜሪካ ውስጥ ማርች ላይ ሰዓቱ ከ02:00 ወደ 03:00 ስለሚዘል 02:30 የሚባል ሰዓት በዚያ ሌሊት የለም፤ ኖቬምበር ላይ 01:30 ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዳንዱ ክሮን (ሥራዎችን በተቀጠረ ሰዓት የሚያስነሣ ፕሮግራም) ይህን ያስተካክላል፣ አንዳንዱ አያስተካክልም። ሰርቨሩ በዩቲሲ ይሁን፤ ደረሰኝ የሚልክ ሥራም ሁለት ጊዜ ቢነሣ ሁለት ጊዜ እንዳይልክ ተደርጎ ይጻፍ።

ይኸው ነገር ወደ ሰው ሲመጣ ደግሞ የስብሰባ ጣጣ ይሆናል። አሜሪካ ሰዓት የሚቀይረው በማርች ሁለተኛ እሑድ ነው፤ አውሮፓ በማርች የመጨረሻ እሑድ። በመካከል ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ኒውዮርክና ለንደን የሚራራቁት 5 ሳይሆን 4 ሰዓት ነው፤ በየሳምንቱ የሚደጋገም ስብሰባ ላይ ሰው የሚቀረው ያኔ ነው። ሰዓት የማይቀይር አገር ያለ ሰው ሸክሙ ይብስበታል። ናይሮቢ ከ9:00 እስከ 18:00 የሚሠራ ገንቢ 9:00 ላይ ከሚገባው የኒውዮርክ ቡድን ጋር በበጋ 2 ሰዓት፣ በክረምት 1 ሰዓት ብቻ ይገናኛል። ያቺን አንድ ሰዓት «ትናንት ምን ሠራህ» በሚል ስብሰባ መጨረስ ብክነት ነው፤ የሥራ ሪፖርት በጽሑፍ ይበቃል፣ ሰዓቷ ለሚያከራክር ጉዳይ ትቆጠብ። ክረምት ላይ አምሽቶ በመልእክት መተግበሪያው ላይ «አለሁ» የምትለውን አረንጓዴ ነጥብ ማብራት የሚጠበቅበት ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ጉዳዩ የቴክኒክ ሳይሆን የሥራ ውል ነውና በግልጽ መነሣት አለበት።

«አርብ ማታ ይደርሳል» የሚል መልእክትም ከተማ ይጠቀስበት። ሳን ፍራንሲስኮ አርብ 17:00 ናይሮቢ ቅዳሜ 03:00 ነው፣ ያውም በበጋ። በአጭር ስም መጻፍም አያዋጣም፤ «አይኤስቲ» ሕንድም እስራኤልም አየርላንድም ሊሆን ይችላል።

ለሙከራ የክሮም አሳሽ የገንቢ መሣሪያ ውስጥ «ሴንሰርስ» በሚለው ክፍል ከተማ ሲመረጥ ቀጠናውም አብሮ ይቀየራል። ሰርቨር ላይ የሚሮጡ ሙከራዎች ብዙውን ጊዜ በዩቲሲ ስለሚሮጡ የልደት ቀኑን ስህተት በጭራሽ አያዩትም፤ ቢያንስ በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድና ልዩነቷ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በሆነችው በካትማንዱ ይደገሙ። ሙከራው «ዛሬ»ን ከማሽኑ እንዳይወስድም ቀኑ ተቸንክሮ ይሰጠው፤ አለበለዚያ ማርች ላይ የወደቀው ኤፕሪል ላይ ማንም ሳይነካው ያልፍና ስህተቱ የተመዘገበበት ትኬት «ተፈትቷል» ተብሎ ይዘጋል።