ጣሪያው ቀደመ፣ መሬቱ ዘገየ

ሐይቅ ከተማ አካባቢ፣ አባቴ ይዞታ ላይ የምሠራው የበሬ ማድለቢያ በረት እዚህ ደርሷል። የባሕር ዛፍ ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ ቆርቆሮው ተመቷል። የቀረው ወለሉ ነው። "ወለሉማ ምን አለው፣ ሁለት ቅዳሜ ይበቃዋል" ብዬ ነበር። ይኸው ሁለት ወር አለፈ፣ አንድ ባሬላ አርማታ እንኳ አላፈሰስኩም።

ለማታውቁኝ፣ እኔ መምህር እንጂ ግንበኛ አይደለሁም። ሳምንቱን ደሴ አስተምራለሁ፤ ዓርብ ማታ በሚኒባስ ወደ ሐይቅ እወርዳለሁ። በረቱ 6 በ10 ሜትር ነው። ሥራውን የምማረው በእጄ ነው፣ ስህተቱንም በኪሴ።

የመጀመሪያው ስህተት ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ታየ። ቦታችን ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ ያለ አርማታ አብሮት ሲነሳና ሲወርድ ይሰነጠቃል። ስለዚህ 40 ሳንቲ ያህል ቆርጬ ማውጣትና በማያብጥ አፈር መተካት ነበረብኝ። ዶማዬን ይዤ ገባሁ። አንዱን ጥግ ቆፍሬ ሳልጨርስ ጎረቤታችን መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ጣሪያውን አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

"ልጄ፣ ምሰሶውን ስንት አስገባኸው?"

"80 ሳንቲ ነው አያ።"

"አሁን 40ውን እያወጣኸው ነው። ታዲያ በምን ሊቆም ነው?"

ክው አልኩ። ቆርቆሮው ላይ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ እንደ ሸራ ይገፋዋል። የተከልኩትን ምሰሶ በገዛ እጄ ግማሹን እየነቀልኩት ነበር። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መሬቱን ቆርጦ፣ ሞልቶ፣ ጠቅጥቆ፣ ከዚያ ምሰሶ መትከል ነው። "አብሽር፣ መላ አለው" አሉኝ። መላውም ይህ ነበር። ምሰሶዎቹን በሰያፍ አጣና ግራና ቀኝ ደገፍናቸው። በየምሰሶው ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል አፈር እንደ ጉብታ ተውን። መሃሉን ቆፍረን ከሞላን በኋላ ጉብታዎቹን አንድ በአንድ አነሳን። አንዱን አንስተን፣ ሞልተን፣ ጠቅጥቀን ሳንጨርስ ወደ ሌላው አንሄድም። ጊዜ ይፈጃል። ግን አንድም ምሰሶ አልዘመመም።

ሁለተኛው ስህተት የበልግ ነው። ወሎ ውስጥ መጋቢት ላይ ጉድጓድ ከፍቶ ሰማዩን አለማየት የከተማ ሰው ሥራ ነው። ጣሪያ አለኝ ብዬ ተማምኜ ነበር። ዝናቡ ግን በጣሪያ አልመጣም፤ ከላይ ከተዳፋቱ እየተንፏቀቀ ሌሊት ገባ። ጠዋት በረቱ ገንዳ ሆኖ ጠበቀኝ። አባቴ ዳር ቆመው "ሐይቅ ሁለተኛ ሐይቅ አገኘች" አሉ። እስካሁን ሰው ሲመጣ ይህንኑ ያወራሉ።

ውሃውን ቀድተን አወጣን። ከሥር የነበረው ዋልካ ግን ሊጥ ሆኗል። ጭቃ ላይ አፈር ቢሞሉበት የቱንም ያህል ቢጠቀጠቅ ይወዛወዛል እንጂ አይጠብቅም። ሳምንት አደረቅነው፣ ከዚያ የላላውን 10 ሳንቲ ያህል ፍቀን ጣልን። ይህ ሁሉ ድካም በአንድ የግማሽ ቀን ሥራ ይድን ነበር፦ በተዳፋቱ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር። የደቡብ ወሎው የጃማ ገበሬ ዋልካ ላይ ስንዴ ሲዘራ መጀመሪያ የሚያስበው ውሃው በየት እንደሚወጣ ነው። እኔ ደግሞ አርማታ ላፈስ ተነስቼ ይህን ረሳሁ። በነገራችን ላይ፣ ዋልካው ከቆረጥኩት በታችም አለ። ሁሉን አውጥቼ አልዘልቀውም። ግን እርጥበቱ ካልተለዋወጠ አያብጥም፣ አይሰነጠቅም። ቦዩ የሚጠብቀው ጉድጓዱን ብቻ ሳይሆን ወለሉን ዕድሜ ልኩን ነው። አሁን ሁለት ቦይ አለኝ፤ አንዱ ተዳፋቱን የሚቀለብስ፣ ሌላው የጣሪያውን ጠፈጠፍ የሚወስድ።

ወደ ሙሌቱ ልምጣ። ገረጋንቲ፣ ማለትም ለሙሌት የሚሆን ጠጠራማ አፈር፣ አዝዤ የመጣው የመጀመሪያው ሲኖ ትራክ ቀይ አፈር ነበር። መልኩ ያምራል። ሻጩ "ምርጥ ነው" አለ፣ እኔም ገለበጥኩ። ማታ ግን ጥርጣሬ ገባኝና አንድ ሃይላንድ ላይ ሲሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውሃ ሞልቼ በደንብ ናጥኩት። ጥሩ ሙሌት ከሆነ ጠጠሩና አሸዋው ቶሎ ሥር ይቀመጣሉ፣ ከላይ የሚቀረው ድፍርስ ትንሽ ነው። የእኔ በማግስቱም እንደ ደፈረሰ ጠላ ነበር። ጭቃ ገዝቻለሁ ማለት ነው። ለጓሮ እርከን ዋለ። ከዚያ ወዲህ ሃይላንዱን ይዤ ወደ ቁፋሮው ቦታ እሄዳለሁ፤ ሳልንጥ አልከፍልም።

ጥቅጠቃው ላይ ችኮላ አይሠራም። ገረጋንቲውን በየ15 ሳንቲው ንብርብር እያደረግን በትነን፣ ውሃ አርከፍክፈን፣ ከኮምቦልቻ በቀን ኪራይ ባመጣነው ኮምፓክተር አስረገጥነው። የውሃው ልክ በጭብጥ ይታወቃል። አፈሩን ስትጨብጡት ኳስ ሆኖ ከቆየና በአውራ ጣት ሲጫኑት ለሁለት ከተሰበረ ልክ ነው። ከተበተነ ደርቋል፤ እጅ ላይ ከተለጠፈ በዝቷል። ማሽኑ በማይገባበት በምሰሶዎቹ ዙሪያ በግንድ መውገጫ ወቀጥን። የሰፈሩ ልጆች ለደቦ መጥተው ነበር፣ እናቴ ቡናውን እስከ በረካ አደረሰችው። ልጆቹ በዘፈን ሲወቅጡ ከማሽኑ የተሻለ መሰለኝ፤ ይህ ግን የእኔ ስሜት ነው። ለመፈተኛ ሽማግሌው ያስተማሩኝን ባለ 10 ሚሊ ፌሮ ተጠቀምኩ። በእጅ ሲጫኑት ሰተት ብሎ የሚገባበት ቦታ እንደገና ይጠቀጠቃል። ሦስት ቦታ ተገኘ፣ ሦስቱም ምሰሶ ሥር።

ተዳፋቱን መሬቱ ላይ አውጡት፣ አርማታው ላይ አይደለም። በረት ስለሆነ ሽንቱና የእጥበቱ ውሃ ወደ መውረጃው እንዲሄድ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ዝቅ ይላል። በ6 ሜትር 12 ሳንቲ ማለት ነው። መሬቱን ለጥ አድርጎ ተዳፋቱን በአርማታ ማውጣት ወይ አንዱን ጎን ያሳሳዋል፣ ወይ ሲሚንቶ ይበላል። ልኩን ያወጣሁት ውሃ በተሞላ ቀጭን ቱቦ፣ በችካልና በሲባጎ ነው። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ይዋሻል። አንድ ጠዋት ሙሉ ዋሽቶኛል።

በላዩ 25 ሳንቲ ድንጋይ ደርድረናል። የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ለዚህ ግሩም ነው። ድንጋዩ አይተኛም፤ ጎን ለጎን ቆሞ ይደረደራል፣ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላል፣ በማርቴሎ ይመታል። እንዲህ ሲሆን ከሥር የሚመጣው እርጥበት ወደ ላይ አይሳብም። የምሰሶዎቹን እግር ካትራሜ ቀብቼ በላስቲክ ጠቅልያቸዋለሁ። አርማታው እንጨቱን ከነከሰው እርጥበት ይዞ ያበሰብሰዋል፤ አንድ ቀን ምሰሶ ልቀይር ብልም ወለል መስበር ነው።

የቀረው ይህ ነው። ቅዳሜ ላስቲኩ ይነጠፋል፣ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በየ20 ሳንቲው ይታሰራል። አርማታው 10 ሳንቲ ውፍረት፣ 1 ሲሚንቶ ለ2 አሸዋ ለ3 ጠጠር፣ በአጠቃላይ 6 ሜትር ኩብ ነው። ሲሚንቶው ወደ 40 ከረጢት ይሄዳል። ላዩን ሊሾ አላደርገውም፣ በሬ ያንሸራትታል፤ ሳይደርቅ በመጥረጊያ አሻክረዋለሁ። አንድ ያልወሰንኩት ነገር የበሩ መግቢያ ነው። ወለሉ ዝቅ ባለው ጎን ከውጭው መሬት 20 ሳንቲ ከፍ ስለሚል በሬው መወጣጫ ይፈልጋል። ሽማግሌው በድንጋይ ንጣፍ ይሁን ይላሉ። እኔ ከወለሉ ጋር አንድ ላይ ባፈሰው ደስ ይለኛል። የሠራችሁት ካላችሁ ከዓርብ በፊት ንገሩኝ።