ባዶ መስመር ያለው ደብተር

ባለፈው መስከረም አንድ ደላላ ደወለልኝ። ጅማ፣ ቦሳ ቂጦ ስምንት ክፍል ሰርቪስ ያለው ግቢ ለሽያጭ ወጥቷል። ዋጋው 4.2 ሚሊዮን ብር። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የምትታለብ ላም ነች!»

እኔ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የሰፈሩን ኪራይ አውቃለሁ። የደላላው ሂሳብ ቀላል ነው። አንድ ክፍል 3,000፣ ስምንቱ በወር 24,000፣ በዓመት 288,000። ለ4.2 ሚሊዮን ሲካፈል ወደ 7 በመቶ። «ባንክ ከሚሰጥዎት አያንስም፣ ቤቱ ደግሞ ይጨምራል» አለኝ። ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለድም ያኔ 7 በመቶ ስለነበረ ነገሩ ጣመኝ።

ግን ቤት በዓመት ከዋጋው ስንት በመቶ እንደሚያስገባ የሚለካው ካፒታላይዜሽን ሬት፣ ባጭሩ ካፕ ሬት የሚባለው፣ ከጠቅላላ ኪራይ አይሰላም። መጀመሪያ ቤቱ የሚበላው ወጪ ይቀነሳል፤ የተረፈው ነው ለዋጋው የሚካፈለው። የባንክ ዕዳና የገቢ ግብር እዚህ አይገቡም፤ እነሱ የገዢው ጣጣ ናቸው።

ግቢውን ሳይ የባለቤቷን የኪራይ ደብተር ጠየቅኳቸው። እማማ ሳያቅማሙ አመጡት። ጠርዙ በዘይት የወዛ የተማሪ ደብተር ነው። በየክፍሉ መስመር፣ በየወሩ «ከፍሏል» ተብሎ ተጽፏል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስደርስ አምስት ክፍሎች ባዶ! የግል ኮሌጅ ተማሪዎቹ ክረምት ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። መስከረም ላይም ሁለት ክፍል ተከራይ አላገኘም። በድምሩ የአሥራ ሁለት ወር ኪራይ፣ 36,000 ብር፣ የለም። ደላላው ይሄን አልነገረኝም። መቼም አይነግረኝም ነበር።

ከዚያ ግድግዳውን አየሁ። ጭቃ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ርሶ ልስኑ ተነስቷል። ለእሱና ለቆርቆሮው በዓመት 18,000 ያዝኩ። ውሃና መብራት በኪራዩ ውስጥ ነው፣ ቆጣሪው አንድ ብቻ፦ 30,000። ሽንት ቤት ማስመጠጥ 12,000። የቦታ ኪራይና የጣሪያ ግድግዳ ግብር 4,000። ግቢውን የሚጠርግ፣ ኪራይ የሚሰበስብ ሰው በወር 1,500፣ በዓመት 18,000። ድምሩ 82,000 ወጣ።

ከ288,000 ባዶዎቹ ወራት 36,000 ሲወጣ 252,000፤ ከሱ ላይ ወጪው ሲቀነስ 170,000 ቀረ። ለ4.2 ሚሊዮን ሲካፈል 4 በመቶ ገደማ።

ብሎኬት ቤት ቢሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ ተከራይ ቢኖረው፣ 5 በመቶም እቀበል ነበር። የሚረጥብ ጭቃ ግን ከዚያ የበለጠ ሊከፍለኝ ይገባል። «ይጨምራል» የሚለውን ነገርም አልናቅኩትም፤ ቤት ይጨምራል። ግን ካፕ ሬቱ የሚነግረኝ ቤቱ ዛሬ ራሱን ችሎ ስንት እንደሚያስገባ ነው። የነገውን ዋጋ ከፈለግኩ ለብቻው ልወራረድበት።

6 በመቶ ላይ ላቁመው ብዬ 170,000ን ለ0.06 አካፈልኩ፤ 2.8 ሚሊዮን ገደማ መጣ። ያንኑ አቀረብኩ። ደላላው ስልኩን ዘጋብኝ ማለት ይቻላል። እማማ ግን ሳቁ። ቡና እየቀዱልኝ «የኔ ልጅ፣ በዚህማ እኔው እየጠረግኩ እቀመጥበታለሁ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያ የጠራጊው 18,000 የእኔ ወጪ እንጂ የእሳቸው አይደለም።