ደሞዜን በግማሽ የቀነስኩበት ዓመት

እናቴ ስለ እኔ ለጎረቤት የማታወራው አንድ ጉዳይ አለ። አሜሪካ ሄጄ፣ ከስንት መከራ በኋላ የፋርማሲስት ፈቃድ አግኝቼ፣ ወዲያው ግማሽ ደሞዝ የሚከፍል ሥልጠና መግባቴን። ባሕር ዳር በመጣሁ ቁጥር ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ጥያቄዋን ታነሳለች። «እንዲያው አንተ ልጅ፣ ማን አስገደደህ? ፈቃዱን ይዘህ የለ እንዴ?»

ማንም አላስገደደኝም። እዚያ አገር የሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ለመሥራት ሬዚደንሲ (ያ ሥልጠና ማለቴ ነው) ግዴታ አይደለም፣ ፈቃድ ይበቃል። ለእሷ አስረድቼ አልዘለቅኩትም። ከባሕር ዳርና ከጎንደር የሚወጡ ልጆችም በቴሌግራም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ስለሆነ እስኪ እዚህ ልሞክረው።

መጀመሪያ ፈቃዱ። ውጭ አገር የተማረ ፋርማሲስት አሜሪካ ሲገባ ዲግሪው እንዳለ አይሠራለትም። ማስረጃውን የሚመረምረው የፋርማሲ ቦርዶች ብሔራዊ ማኅበር ነው፣ ሰው ኤን ኤ ቢ ፒ ይለዋል። ከ2003 ወዲህ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የተመረቀ ሰው ቢያንስ የአምስት ዓመት ትምህርት ሊኖረው ይገባል። በእኛ አገር ደግሞ የፋርማሲ ዲግሪ ወደ አምስት ዓመት ያደገው በ2008 ገደማ ነው። በመሀል በአራት ዓመት የወጡት ስንት ጎበዞች እዚያው በር ላይ ቀሩ! አንዳንዶቹ እኛን ያስተማሩን ናቸው። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ትራንስክሪፕቱ ከትምህርት ቤቱ ታሽጎ በቀጥታ መሄድ አለበት። ወንድሜ ለዚህ ስንት ቀን «ነገ ና» እንደተባለ እሱና እግዜር ያውቃሉ። ቀጥሎ የአቻነት ፈተናው አለ፣ እኔ በወሰድኩበት ጊዜ በዓመት አንዴ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ከዚያ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው፣ ቶፍል። ማንበብ 22፣ ማዳመጥ 21 ይበቃ ነበር፣ መናገሩ ግን ከ30 ውስጥ 26 ይጠይቅ ነበር። ሐበሻ እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው። ማታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየጫንኩ፣ በእረፍት ሰዓት ከስልኬ ጋር በእንግሊዝኛ ሳወራ ጓደኞቼ ያበድኩ መስሏቸው ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ የኢንተርን ሰዓት (በፋርማሲስት ሥር የሚሠራ ልምምድ)፣ ናፕሌክስ የሚባለው ዋናው ፈተና፣ የስቴቱ የሕግ ፈተና። ይህን ሁሉ የጨረሰ ሰው ደህና ደሞዝ ቢያምረው አይፈረድበትም። እናቴ እውነት አላት።

ሬዚደንሲው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፒ ጂ ዋይ ዋን ይባላል፣ ሆስፒታል ውስጥም በሰፈር ፋርማሲም ይሰጣል። ሁለተኛውን ዓመት የሚቀጥሉት ስፔሻሊቲ የሚፈልጉ ናቸው፦ ካንሰር፣ ተላላፊ በሽታ፣ ጽኑ ሕሙማን፣ ሕፃናት፣ ተመላላሽ ሕክምና። ፕሮግራሞቹን መዝኖ ዕውቅና የሚሰጠው ኤ ኤስ ኤች ፒ የሚባለው የፋርማሲስቶች ማኅበር ነው። ምደባው በ«ማች» ነው። አንተ ፕሮግራሞችን በምርጫህ ትደረድራለህ፣ እነሱም አመልካቾችን ይደረድራሉ፣ ኮምፒውተሩ ሽማግሌ ሆኖ ያጋባል። ውጤቱ ማርች ላይ ይወጣል፣ ሥራው ጁላይ አካባቢ ይጀምራል። ከተመደብክ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት የለም። ብዙ የእኛ ልጆች የማያውቁት፣ ከውጭ የመጣ ሰውም የማስረጃ ምርመራውን፣ የአቻነት ፈተናውንና ቶፍሉን ላለፈ የሚሰጠውን የኤን ኤ ቢ ፒ ሰርተፍኬት ከያዘ መወዳደር ይችላል።

ጥቅሙን በወረቀት ለሚፈልግ፣ ቢ ሲ ፒ ኤስ ለሚባለው የስፔሻሊቲ ፈተና ለመቀመጥ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ወይም ያንን የመጀመሪያውን የሬዚደንሲ ዓመት ይጠይቃሉ። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነው።

እኔ የገባሁት በሰፈር ፋርማሲ የሚሰጠው ውስጥ ነው። ክትባት ትወጋለህ፣ የስኳርና የደም ግፊት ሰዎችን ትከታተላለህ፣ የጥናት ሥራ አለ፣ ቅዳሜና እሁድ በተራ መደበኛ ሥራ ትሸፍናለህ። ዋናው ነገር ግን አሠልጣኟ ከኋላዬ መቆሟ ነው። በሽተኛውን የማናግረው እኔ፣ ውሳኔውም የእኔ፣ እሷ ግን ታዳምጣለች። ሰውየው ሲወጣ «ምን ጠየቅከው? ምን ሳትጠይቀው ቀረህ?» ትለኛለች። አምስት ዓመት ስማር፣ ከዚያም ባሕር ዳር ስሠራ፣ ከሰው ጋር ሳወራ ቆሞ ያዳመጠኝ አልነበረም። ስለ መድኃኒት የሚፈትነኝ ሞልቶ ነበር።

ሦስት ጥያቄ አስያዘችኝ። የአሜሪካን ቀደምት ሕዝቦች የሚያክመው የመንግሥት አገልግሎት ያስለመዳቸው ናቸው። መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ ምን አሉዎት? እንዴት እንዲወስዱት ነገሩዎት? ከወሰዱት በኋላ ምን ይጠብቁ አሉዎት? አንተ ከማስረዳትህ በፊት ሰውየው ይናገራል። ቀላል ይመስላል። እኛ ያደግነው ግን «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ገባህ?» «አዎ» በሚል ነው። «ገባህ?» ተብሎ «አልገባኝም» የሚል ጎጃሜ እስካሁን አላየሁም።

ባለፈው ሁዳዴ ባሕር ዳር ነበርኩ። አንዲት ጎረቤታችን ልቧ ምቱ ስለሚዛባ የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፣ ዋርፋሪን። እናቴ «ይኸው ልጄ መጥቷል፣ አሳዪው» ብላ ከነፌስታሏ አመጣቻት። እጄ ወደ መድኃኒቶቹ ሊሄድ ሲል ተውኩትና ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ይቺን እንዴት ነው የሚወስዷት?»

«እንደታዘዝኩት ነዋ የኔ ልጅ። በየማታው።»

«ሁዳዴ ላይስ?»

ዝም አለች። እናቴን አየቻት። ከዚያ «ጎመን አትብይ ብለውኛል» አለች። «በጾም ጎመን ትቼ ምን ልበላ ነው? ጎመን የበላሁ ዕለት ክኒኗን እተዋታለሁ። ሁለቱ እንዳይጣሉብኝ።»

ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪንን ያዳክማል። ጎመኑን በልታ ክኒኑንም ስትተው ደሟ ለመርጋት በሁለቱም በኩል ይመቻቻል። እሷ ደግሞ መጠንቀቋ ነው። መሆን ያለበት ጎመኑን እርም ማለት ሳይሆን መጠኑን ከሳምንት ሳምንት አለማለዋወጥ ነው፣ ክኒኑ የሚለካው ከዚያ ጋር እንዲስማማ ሆኖ ነውና። ስለዚህ የጾምና የፍስክ መግቢያ ላይ አይ ኤን አር የሚባለውን የደም መርጋት ምርመራ ማየት ያስፈልጋል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የጣና ዳር ክርክር ውስጥ አልገባም። ቫይታሚን ኬው ግን ዓሣው ላይ አይደለም።) ከፌስታሉ ሥር ደግሞ ለጉልበቷ የገዛችው ዲክሎፌናክ ወጣ። እሱ በተቃራኒው ያደማል። በማግስቱ በባጃጅ ወደ ሐኪሟ ሸኘናት። ክኒኑን እኔ አልነካሁትም፣ እሱ የሐኪሟ ሥራ ነው።

ይህን ለድሮ ጓደኛዬ አወራሁለት። ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ የራሱ መድኃኒት ቤት አለው። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ነው። ሳቀብኝ።

«አንተ አሜሪካ ሆነህ ጠይቅ። እኔ ጋ ከገጠር የመጣ ሰው ባስ ሊያመልጠው ነው፣ ከኋላው ሰልፍ አለ። ለጥያቄው ማን ይከፍለኛል? የማተርፈው ከመድኃኒቱ ነው።»

ልክ ነው። እዚያም ቢሆን ነገሩ በጽድቅ አልተጀመረም። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለአረጋውያን የመድኃኒት ሽፋን በ2006 ሲጀምር፣ ብዙ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች የመድኃኒት ክትትል እንዲደረግላቸው አብሮ ደነገገ፣ ለፋርማሲስቱ ምክርም ክፍያ መምጣት ጀመረ። የእኛ አገር ክሊኒካል ፋርማሲ (ፋርማሲስቱ በሽተኛውን ራሱን የሚከታተልበት ሙያ) ደግሞ ከሆስፒታል ነው የተነሳው። ጅማ በ2009 ማስተርስ ከጀመረች ወዲህ ብዙ ሰው ወጥቷል፣ ዋርድ ውስጥ ከሐኪም ጋር የሚዞር ፋርማሲስት ዛሬ ብርቅ አይደለም። በእኔ እምነት ግን ከዋርዱ ይልቅ የተረሳው ባንኮኒው ነው። ሰው ሲያመው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መድኃኒት ቤት ነው። ከተመረቀ ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን የሚቆመውም እዚያው ነው።

ጓደኛዬ ጋም አንዲት እንደዚያ ያለች ልጅ አለች። ተከራክረን ተከራክረን፣ ሰው በሚቀንስበት ከቀትር በኋላ እሷ ስታስተናግድ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ሊያዳምጥ ተስማማ። ለሁሉም መድኃኒት ሳይሆን ለሦስት ብቻ፦ ዋርፋሪን፣ ኢንሱሊን፣ የአስም መንፊያ (ኢንሄለር)።

ከተመለስኩ በኋላ ደወልኩለት። ኢንሱሊኑ ላይ ጥሩ እየሄዱ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ ግን «ምን ፖሊስ ጣቢያ አደረጋችሁት» ብሎ ጎረቤት መድኃኒት ቤት ይገባል አለኝ። መንፊያውን ትተውታል፣ አጠቃቀሙን ለማሳየት የደንበኛውን አዲስ ዕቃ መክፈት ስለማይችሉ። መድኃኒት የሌለበት ባዶ ማሳያ እዚህ አግኝቼለታለሁ፣ ሁለት ፍሬ ነው፣ ግማሽ ኪሎም አይሞላ። በቅርብ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድና ሻንጣው ቦታ የተረፈው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።