ካዛንቺስን በእግሬ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ካዛንቺስን ሳልረግጥ አልመለስም። ያደግኩበት ሰፈር ነው፤ በ2017 ለልማት ተብሎ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ተነስቷል። ዘንድሮ ከመስቀል አደባባይ ተነስቼ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ሽቅብ ወጣሁ። መንገዱ ሰፍቷል። ብስክሌትም እግረኛም የየራሱ መስመር አለው። ያምራል፣ አልዋሽም። ዳቦ ቤታችን የነበረበትን ቦታ ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ካዛንቺስ ድሮም የደሞዝተኛ ሰፈር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት ነው። በ1953 አፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ ደግሞ በአካባቢው የውጭ አገር ሰው በዛ። ይሁን እንጂ ባለቪላው ለብቻው ኖሮ አያውቅም። ከአጥሩ ጀርባ ጭቃ ቤት፣ ከጭቃ ቤቱ አጠገብ ጠላ ቤት ነበር። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራያቸው እዚያው ቆሞ ቀረ። መሃል ከተማ እየኖረ፣ የወር ኪራዩ ሆቴል ውስጥ ከሚጠጣ አንድ ማኪያቶ ያነሰ ቤተሰብ የትየለሌ ነበር።

ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ የድሮ እድራችንን ጸሐፊ አገኘኋቸው። እሳቸውም ተነስተዋል፤ ለቅዳሴ ነው የመጡት። መዝገቡ በፌስታል ተጠቅልሎ ከእጃቸው አልተለየም።

«ጋሼ፣ ስንት ሰው ቀረ?»

«እንካ፣ ራስህ እየው ልጄ።»

አንዱ ገጽ ላይ ሐኪም፣ ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ እንጀራ ጋጋሪና ሊስትሮ ተከታትለው ተጽፈዋል። ወርሃዊ መዋጮው የሁሉም እኩል ነው። የቤት ቁጥሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ጎኑ ላይ «ገላን ጉራ»፣ «ገላን ጉራ»፣ «ገላን ጉራ» ይላል፤ የቀበሌ ቤት ተነሺዎች የተዛወሩበት፣ ከመሃል ከተማ የራቀ ሰፈር ነው። አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧን የቆጠረችው በ1999 ነው። ካዛንቺስ በ2017 ሲነሳ ማን ከማን ጋር ይኖር እንደነበር ለማወቅ እኔ ከዚህ መዝገብ የተሻለ አላየሁም።

«ባለ ይዞታው ካሳውን ይዞ የወደደው ቦታ ገባ» አሉኝ። «የቀበሌው ሰው የተሰጠው ቦታ ሄደ። ድንኳኑን የቱ ጋ እናስቀምጠው? አሁንም አልተስማማንም።»

ትንሽ ወረድ ብዬ አንድ ደላላ ስለ አፓርታማ ጠየቅኩ። ኪራዩን የነገረኝ በዶላር ነው። ተከራዮቹ የድርጅት ሠራተኞችና የውጭ አገር ሰዎች መሆናቸውንም ነገረኝ። ጉሊት አላየሁም። በቆሎ የሚጠብስም የለም።

በነጋታው ታክሲ ቀያይሬ ገላን ጉራ ሄድኩ። የቀበሌ ቤትን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ያንን ኑሮ የሚናፍቀው፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱም ለስንት አባወራ አንድ ነበር። እዚህ ቤቱ ደረቅ ነው፣ መጸዳጃውም የራስ ነው። የድሮ ጎረቤታችን እትዬ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ካዛንቺስ እያሉ እንጀራ ጋግረው ለሦስት ቪላና ለአንድ ምግብ ቤት ያስረክቡ ነበር፤ መንገድ መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ምጣዱን ይዘውት መጥተዋል። ግን እዚህ ጎረቤቱ ሁሉ የራሱን ይጋግራል፤ ገዢ የለም። ልጃቸው ልብስ ለማጠብ ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥታ ወደ መሃል ከተማ ትሄዳለች። ከምታገኘው ላይ የታክሲው ሲቀነስ እጇ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው።

ድሃው ይኖር የነበረው ከሀብታሙ ገንዘብ አጠገብ ነበር። ሁለቱን ስናራርቃቸው ገቢውም አብሮ ተቆረጠ። ካዛንቺስ ውስጥ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ አሁንም አይቻለሁ። እዚያ ከሚሠሩት ፎቆች ጥቂት ወለል እንኳ በዝቅተኛ ኪራይ ለነባር ነዋሪዎች ይመደብ ባይ ነኝ። የሚመለከተው አካል የነዋሪዎቹን ስም ከፈለገ፣ መዝገቡ ጋሼ ጋ አለ።